ወንዙ ውስጥ ያለው ሰውዬ

ወዬሳ ባጫ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሱቅ ስም ሲጽፍ ኖሯል። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም እስከ ዘነበወርቅ ባለው መንገድ ዳር፣ የፀጉር ቤቱም የጎሚስታውም የልብስ ስፌቱም ታፔላ የእሱ እጅ ያረፈበት ነበር። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ጥላው አይዛነፍም፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከርሞም ይነበባል። በኋላ ግን ባነር የሚያትም ማሽን መጣ። መጀመሪያ አንዱ ሱቅ ታፔላውን አወረደ፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ፣ ከዚያ መንገዱ በሙሉ። ወዬሳም ብሩሾቹን አጥቦ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስገባቸው።

ነገሩን ያከበደበት ልጁ ሜቲ ሥራ ያገኘችው ደግሞ እዚያው ባነር ማተሚያ ቤት መሆኑ ነው። ጠዋት ቁርሷን እየጎረሰች "አባዬ፣ ሄድኩ!" ስትለው "እሺ" ይላታል እንጂ፣ ሥራሽ እንዴት ነው ብሎ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ገበታ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት ያወራሉ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ ያወራሉ። ስለ ቀለም አያወሩም።

በየካቲት ወር አንድ ማክሰኞ፣ ሜቲ ከሥራ ስትመለስ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባች።

"አባዬ፣ እስቲ ይህን እየው።"

ያረጀ የካላንደር ገጽ ነበር። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ጽሑፍ የነበረበት የታችኛው ክፍል ተቀዶ የለም። ሥዕሉ ግን ሙሉ ነው። በግራ በኩል ሁለት ግዙፍ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸውን ሰማዩ ላይ ዘርግተዋል። ሰማዩ ብቻውን የገጹን ግማሽ ይዟል፤ ደመናው ከላይ ጠቁሮ ከታች ወርቅ መስሏል። ሩቅ ሰማያዊ ተራሮች፣ ከተራሮቹ ሥር የፈራረሰ ግንብ፣ ከግንቡ ሥር እየተጠማዘዘ የሚመጣ ሰፊ ወንዝ። ወዬሳ ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ፈለገ። ሳያስበው ምላሱን ጠቅ አደረገ፤ ሥራ ደስ ሲለው እንዲያ ነው።

"ሰዎቹንስ አየሃቸው?" አለች ሜቲ።

"የምን ሰዎች?"

በጥፍሯ ጫፍ አሳየችው። ወንዙ ዳር ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቀይ ነጥብ አለች። ጠጋ ብለው ሲያዩዋት ቀይ የለበሰች ሴት ናት፤ አንድ እጇን ወደ ላይ አንሥታለች። ከፊቷ፣ ወንዙ ውስጥ፣ እስከ ወገቡ ውሃ የገባ ሰው አለ። ራሱ ላይ ጥቅል ነገር ተሸክሟል። ያ ሁሉ ዛፍና ሰማይ ተዘርግቶ፣ ሰዎቹ ሁለት ጉንዳን ናቸው።

"ስልኬ ላይ ፈልጌው ነበር" አለች ሜቲ። "ይኸው ራሱ ሥዕል አልመጣልኝም፤ የሚመስሉት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ባሮክ ይሉታል ዘመኑን፣ ከሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ነው። ተፈጥሮን አግዝፈው፣ ሰውን እንዲህ አሳንሰው ይሥሉ ነበር አሉ።"

"እና ለምን አመጣሽልኝ?"

ሜቲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዘነበወርቅ አካባቢ ሸዋረጋ የምትባል ሴት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ አላት። ይህን ሥዕል የታካሚ ማረፊያው ግድግዳ ላይ በትልቁ አትሙልኝ ብላ መጣች። ሞከሩት። "አራት ሜትር ላይ ስንዘረጋው ሁሉም ነገር ፈሰሰ። ዛፉ ጭቃ ሆነ፣ ሰዎቹ ጉድፍ ሆኑ። እዚህ ወረቀት ላይ የሌለውን ማሽኑ ከየት ያመጣል? እኔም አባቴ በእጁ ይሥልልዎታል አልኳት።"

"እኔ ፊደል ጸሐፊ ነኝ፣ ሜቲ።"

"ዛፍ ያቅተኛል ነው የምትለኝ?"

"ዛፍ አያቅተኝም።"

የሚያቅተውን አልነገራትም። የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ የጎረምሳ ፊት ሥሎ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ ሳቀ፤ የተቆጣ ድመት ነው አሉት። ፀጉር አስተካካዩ በሦስተኛው ቀን በነጭ ቀለም አስጠፋው። ከዚያ ወዲህ ወዬሳ መቀስ ሥሏል፣ ጎማ ሥሏል፣ የበሬ ራስ ሥሏል። ሰው ግን ሥሎ አያውቅም።

ቢሆንም በማግሥቱ ብሩሾቹን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሄደ።

ሸዋረጋ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ የነጭ ጋዋኗን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ የምትሠራ ሴት ናት። ሁሉም ዶክተር ነው የሚሏት። ማረፊያ ክፍሉን አሳየችው፦ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ የተደረደሩ ምርኩዞች፣ ባዶ ሰፊ ግድግዳ።

"ሰዎቹ እዚህ ተቀምጠው የሚያዩት ነገር የለም" አለችው። "ተራቸው እስኪደርስ የራሳቸውን እግር ሲያዩ ነው የሚውሉት። ይህ ሥዕል ደግሞ አባቴ ቤት ከሬዲዮኑ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ስሙንም ሠዓሊውንም የሚያውቅ የለም። ዛፉን፣ ሰማዩን፣ ተራራውን ይሥሩልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ ሰዎቹን ይተዉዋቸው።"

"ለምን?" አለ ወዬሳ፣ በሆዱ ተመስገን እያለ።

"ልጅ ሆኜ ያንን ሰውዬ እያየሁ ነው ያደግኩት። እየሰጠመ ነው። ሴትየዋ ድረሱልኝ ብላ ትጮኻለች፣ የሚደርስላት የለም። እህቴ መብራት ስታጠፋ እንኳ ዓይኔ ላይ ይመጣብኝ ነበር። እዚህ የሚመጡት ሰዎች የደረሰባቸው ይበቃቸዋል፣ ጋሽ ወዬሳ። የሚሰጥም ሰው ግድግዳ ላይ አልሰቅልባቸውም።"

"እንዳሉት" አለና መሰላሉን ዘረጋ።

ገጹን በእርሳስ ካሬ ካሬ አድርጎ ከፈለው፤ ግድግዳውንም ጠመኔ በነካ ክር እንደዚያው ከፈለ። ከሰማዩ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የቀባውን መልሶ ሲደመስስ ዋለ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ደመና እሺ አለው። ታካሚዎቹም ቀስ በቀስ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ይቺ ቅርንጫፍ አልበዛችም?" ይላል አንዱ። "ተው፣ ይሥሩበት!" ይላል ሌላው።

ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሚመጡት መካከል ድንቅነሽ የምትባል ሴት ነበረች፤ ልጇ ሆሳዕና ደግፋ ታመጣታለች። ድንቅነሽ አጠና ተራ አጠናና ማገር ስትሸጥ የኖረች ጉልበታም ሴት ነበረች። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇንና ቀኝ እግሯን ያዛት፤ ከሁሉ የከፋው አንደበቷን ያዛት። የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ ይገባታል። ከአፏ የሚወጣው ግን "አይ" ብቻ ነው። ሲርባትም አይ፣ ሲበቃትም አይ።

"ድምጿን ብትሰሙት ኖሮ!" አለች ሆሳዕና አንድ ቀን፣ ወዬሳ ቀለም ሲበጠብጥ። "ከአስፋልቱ ማዶ ሆና ተሸካሚ ስትጠራ ታክሲው ሁሉ ይቆም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ማይክ አይሰጧትም፤ አያስፈልጋትም።"

ድንቅነሽ ይህ ሲወራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተራሮቹን ታያለች። ወዬሳ መጀመሪያ ላይ አላስተዋለም ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ከሁሉም ይበልጥ ሥራውን የምትከታተለው እሷ መሆኗ ገባው። ውሃውን ሲቀባ አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። ተራዋ ደርሶ ሲጠሯት "አይ" አለች፤ ያን ቀን ግን ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ወዬሳ የወንዙን ዳር ሣር ጨርሶ ከመሰላሉ ወረደ። ሥዕሉ አለቀ። ታካሚዎቹ አጨበጨቡለት። ሆሳዕና በፕላስተር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የነበረውን የካላንደር ገጽ አንሥታ ለእናቷ ይዛላት መጣች።

"እማዬ፣ እይው እስቲ፣ ቁርጥ እሱን አይደል?"

ድንቅነሽ ገጹን አየች። ግድግዳውን አየች። ተመልሳ ገጹን አየች። ከዚያ በግራ እጇ የወንበሩን ክንድ ትመታ ጀመር።

"ምን ሆንሽ? ውሃ ልስጥሽ? ሽንት ቤት ነው?"

"አይ! አይ!" በግራ እጇ ወንበሩን ተደግፋ ተነሣች፤ ሆሳዕና ወገቧን ያዘቻት። እግሯን እየጎተተች እስከ ግድግዳው ሄደችና ወንዙ ዳር ባዶ ሣር ላይ መዳፏን ለጠፈች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ፊቷ በላብ ተጠመቀ። "ሰ…" አለች። "ሰ… ሰዎቹ።"

ሆሳዕና አፏን በእጇ ያዘች።

"የታሉ" አለች ድንቅነሽ፣ ጥርት አድርጋ። "ሰዎቹ የታሉ?"

ሸዋረጋ ከውስጥ ክፍል ሮጣ ወጣች። "ማን ነው የተናገረው?" አለች፤ ሆሳዕና ግን እያለቀሰች ነበር። ወዬሳ ቀለም በነካው እጁ ወደ ድንቅነሽ ጠቆመ። ከዚያም አፍሮ "ሰዎቹን ፈልገው ነው፤ የተውናቸውን" አለ።

ሸዋረጋ ድንቅነሽን አስቀመጠቻት፣ እጇን ያዘች፣ ደግመው ይበሉት አለቻት። ሌላ ቃል አልወጣም። ድንቅነሽ ግን ገጹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀይዋን ነጥብ በጣቷ መምታቷን አላቋረጠችም።

"ችግሩ" አለች ሸዋረጋ በለሆሳስ፣ "እየሰጠመ ያለ ሰው ነው።"

"ኧረ አይደለም ዶክተር!" አለች ሆሳዕና እንባዋን እየጠረገች። "ጥምቀት ነው እንጂ። እኔም ወንዝ ውስጥ ነው የተጠመቅኩት፣ እስከ ወገቤ። እሷ እጇን ያነሣችው እየጸለየች ነው።"

"ራሱ ላይ የተሸከመውስ?"

"ልብሱ ነዋ! ሲወጣ የሚለብሰው።"

ከኋላ ያሉት ሳቁ። "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለች ሸዋረጋ ወደ ወዬሳ ዞራ።

ወዬሳ ለሰዎቹ ብዙም አስቦላቸው አያውቅም ነበር። ገጹን ተቀብሎ አተኩሮ አየ። "የእጇ ጫፍ ወደ መሬት ነው የታጠፈው" አለ ቀስ ብሎ። "ተመለስ እያለችው ይመስለኛል። አትምጣብኝ፣ ሂድ።" ይህን ሲል ለራሱም ከፋው።

"አይ!" አለች ድንቅነሽ።

ሁሉም ዞሩ። ግራ እጇን ከፍ አደረገች። መዳፏን ወደ መሬት አዙራ፣ አራቱን ጣቶቿን ወደ ራሷ ሁለት ጊዜ ሰበሰበቻቸው። በመንገድ ማዶ ያለ ሰው ሲጠራ ማንም የሚያደርገውን፣ እሷ ደግሞ አጠና ተራ ላይ በቀን መቶ ጊዜ ስታደርገው የኖረችውን።

"ና" አለች። "ና! ና!"

ድምጿ ወፍራምና ሰባራ ነበር፤ ሆኖም ከውጭ በረንዳው ላይ የነበረው ዘበኛ ጠሩኝ ብሎ አንገቱን በበሩ አስገባ። ያኔ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ድንቅነሽም በግማሽ ፊቷ ሳቀች።

ሸዋረጋ አልሳቀችም። ቁልቁል ገጹን እያየች ነበር። "ብትጠራውም እኮ ውሃው እየወሰደው ነው" አለች፣ ልክ ሬዲዮኑ ሥር እንደቆመች ልጅ።

በዚህ ጊዜ ወዬሳ አንድ ነገር ታየው። ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ዶክተር፣ ይህን ውሃ የቀባሁት እኔ ነኝ። ከገጹ ላይ ካሬ በካሬ እያየሁ ነው የቀባሁት። መሐሉን ምን አደረግኩት?"

"ጥቁር ሰማያዊ።"

"ወደዚህ ዳርስ?"

"ሳስቷል። እዚህ ጋ አሸዋው ይታያል።"

"መሐሉ ጥልቅ ነው፣ ዳሩ ጥልቀት የለውም። እኔ ቀለሙን ሰጠሁት እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። አሁን ገጹን ይዩት። ሰውዬው የቆመው የት ላይ ነው?"

ሸዋረጋ መነጽሯን አደረገች። ገጹን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ከጥቁሩ ወዲህ" አለች።

"ፊቱስ?"

"ወደ ሴትየዋ።"

"ጥቅሉም አልረጠበም፤ ነጭ ነው። እንግዲህ ጥልቁን አልፎታል። እየወጣ ነው ማለት ነው።"

ሸዋረጋ መነጽሯን አወለቀች። "አርባ ዓመት ሙሉ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀጥሎ በጋዋኗ እጅጌ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ "ይሣሏቸው ጋሽ ወዬሳ። ሁለቱንም" አለች።

መሣል ግን ሌላ ነገር ነው። አራት ሜትር ግድግዳ ላይ ሩዝ የምታክለው ሴት የመሐል ጣት ልታክል ነው። በወረቀቱ ላይ ፊት የላትም፣ ጣት የላትም፤ ሁሉንም ከራሱ ማምጣት አለበት። ቅዳሜ ብቻውን ሄዶ ሣላት፤ ቆማ ሳይሆን የተሰቀለ ልብስ መስላ ወጣች። ደምስሶ ደግሞ ሣላት፤ ባሰባት። እቤቱ ሲገባ ሜቲ ልብስ እያጠበች ነበር።

"አልቻልኩም" አላት። ከዚያ ያልጠበቀው ነገር ከአፉ ወጣ፤ የፀጉር አስተካካዩን ታሪክ፣ ድመቷን፣ ነጩን ቀለም፣ ሁሉንም ነገራት።

ሜቲ እጇን ከአረፋው አወጣች። አልሳቀችም። "እኔ ልጅ ሆኜ ፊደል ስታስተምረኝ ምን ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ? 'በ'ን ስትጽፊ ሁለት እግሩ ላይ አቁሚው፤ 'ቡ' ስትይ ከጎኑ እጅ አውጪለት፤ እንዳይወድቅ ግን ክብደቱን አስተካክይ ነበር የምትለኝ። እኔ ፊደል ሁሉ ሰው ነው የሚመስለኝ እስካሁን።" ከዚያም አንገቷን ደፍታ ጨመረች፦ "ባነር ስሠራ የኮምፒውተሩን ፊደል ሳላስተካክል አላትመውም። አለቃዬ ይናደዳል። ያንተ ልጅ ስለሆንኩ ነው።"

ወዬሳ ይህን አያውቅም ነበር። ልብሱን አብሯት ጨመቀ፤ ሲጨምቁም ስለ ሥራዋ ጠየቃት፣ እሷም እስኪመሽ አወራችው።

ሰኞ ጠዋት ድንቅነሽን ከግድግዳው ፊት እንድትቆምለት ለመናት። ሆሳዕና ከጎን ቆመች፤ ነገር ግን አልነካቻትም። ድንቅነሽ ግራ እጇን አነሣች። ወዬሳ ፊቷን ትቶ እግሯን አየ። ክብደቷ በሙሉ ግራ እግሯ ላይ አርፏል፣ ቀኙ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ወገቧ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ እጇ ደግሞ ያንን ሁሉ ሚዛን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል። እንደ ፊደል። በቀጭኑ ብሩሽ መጀመሪያ የቆመችበትን እግር አሰመረ፣ ከዚያ ቀዩን ቀሚስ፣ ከዚያ ክንዱን፣ በመጨረሻ ቁልቁል የዞረውን መዳፍ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሁለት ጊዜ አርፋ ሁለት ጊዜ ቆመችለት።

"ደከመዎት እትዬ?"

"አይ" አለች፤ አልደከመኝም ማለቷ ነበር።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነለት። በአንድ እጁ ጥቅሉን ይዟል፣ በሌላው ዱላ ተደግፏል፣ አንደኛው ጉልበቱ ከውሃው ሊወጣ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሜቲ ከሥራ አስፈቅዳ መጣችና ከአባቷ ጋር ሆና አየችው። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ድሮው ዛፍና ሰማይ ብቻ ነው። ጠጋ ያለ ሰው ግን ሁለቱን ያገኛቸዋል፤ ካገኛቸው በኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ፣ ተራራውም ደመናውም፣ በእነሱ ዙሪያ ይሰበሰባል።

ድንቅነሽ በአንድ ጊዜ አልዳነችም። እግሯ እስካሁን ይጎተታል፣ ቀኝ እጇ ማንኪያ አይዝም። ነገር ግን ከፋሲካ በፊት ሠላሳ የሚሆኑ ቃላት ተመልሰውላታል፤ ሆሳዕና ደብተር ላይ እየጻፈች ትቆጥራቸዋለች። ግማሾቹ የአጠና ተራ ናቸው፦ ማገር፣ ቋሚ፣ ጫን፣ አውርድ፣ ሌባ። ባለፈው እሑድ በጉባኤው መዝሙር መካከል አንድ "አሜን" ለቀቀች፤ መሪው ዜማውን ሳተ አሉ።

ወዬሳ ግን ሰዎቹን በጨረሰበት ሳምንት ዓርብ ዕለት፣ ሜቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛው ገብታ፣ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ማሽኑ ቀለም ሲተፋ ያይ ነበር። አለቃዋ መዝገቡ የክሊኒኩን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አይቶት ኖሮ እጁን ዘረጋለት።

"ጋሽ ወዬሳ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት አጥሩን በእጅ አሥሉልን ብሎኛል። ባነር ልጆቹ ይቀድዱታል። ፊደል አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የሚጫወቱ ልጆች ይፈልጋሉ። ሰው ይሥላሉ አይደል?"

ሜቲ አባቷን አየችው።

"ስንት ልጅ ነው?" አለ ወዬሳ።

"ሃያ ያህል።"

"ሃያ!" አለና ሳቀ። በጣቶቹ አየር ላይ አንድ እግር አሰመረ። "እየሮጡ ነው ወይስ ቆመው?"

"እንደፈለጉ ያድርጓቸው።"

"እየሮጡ ይሁኑ" አለ ወዬሳ። "ሰኞ እጀምራለሁ።"